መቀመጥ የተከለከለበት ቅዳሜ

ባለፈው ቅዳሜ፣ ሽሮውን ጥርግ አድርጎ በልቶ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ፣ ይርዳው ሕልም አየ። ሕልም እልም ይባላል፤ ይሄኛው ግን እልም አላለም። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። እኔ የማወራላችሁ ማንም ያልጨመረበትን ነው፤ እኔ ብቻ ትንሽ ጨምሬበታለሁ።

ይርዳውን የማታውቁት ካላችሁ፣ የፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚኒባስ ሹፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ የኖረው ተቀምጦ ነው። ጠዋት ከአልጋ ወደ መኪና፣ ማታ ከመኪና ወደ ሶፋ። እግር ለእሱ ነዳጅ መስጫና ፍሬን መርገጫ ነው እንጂ ለመሄጃም እንደሚያገለግል ከረሳ ቆይቷል። ተኝቶ እንኳ ፍሬን ይረግጣል። ካላመናችሁ ሚስቱን እልፍነሽን ጠይቋት፤ ቅልጥሟን ታሳያችኋለች።

ታዲያ በቀደም ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ አጠረውና እልፍነሽ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ ልጁ የምትሆን፣ ቀጠን ያለች፣ ነገር የማታለባብስ ሴት ነበረች።

"ጋሼ፣ ልብ ጡንቻ ነው። ካላሠሩት ይሰንፋል። በየቀኑ ፈጠን ፈጠን ብለው ይራመዱ፤ ሲለምዱት ሶምሶማ ይጨምሩበት። እስኪያልብዎት ድረስ፣ ግን ማውራት እስከሚችሉ።"

"ባልሮጥስ?" አላት።

"አባትዎ በምን ሞቱ?" አለችው።

አባቱ አቶ መኩሪያ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ልክ እሱ አሁን ባለበት ዕድሜ፣ የስፌት መኪናቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ የሰው ሱሪ ጀምረው ሳይጨርሱት፣ ልባቸው ቀጥ አለ።

ይርዳው መሞት አይፈልግም። ማን ይፈልጋል? ግን ሰውዬው ከሞት አስበልጦ የሚፈራው ነገር ነበረው፤ ይሉኝታ! ያን የሚያህል ቦርጭ ይዞ፣ በሰፈሩ መሀል፣ በጎረቤቱ በእትዬ በለጡ ደጅ፣ በባለሱቁ ፊት ሶምሶማ ሲል ሰው ምን ይለዋል? "ከነገ ጀምሮ" ይላታል እልፍነሽን። ነገ ሲመጣ ወይ ዝናብ ነው፣ ወይ ጾም ነው፣ ወይ መንገዱ ላይ ሰው በዝቷል። ያን ቅዳሜ እልፍነሽ ምሳውን አቀረበችለትና "እኔ ጥቁር ልብስ አያምርብኝም፣ ከወዲሁ እወቀው" ብላው ወደ ጓዳ ገባች። ይርዳው ሊስቅ ፈለገ፣ አልሳቀም። በላና ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ።

በሕልሙ ማለዳ ነበር። ወደ ፌርማታው ሲወርድ ታክሲዎቹ በረጅሙ ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ። አንዳንዷ ሰዓቷን ታያለች፣ አንዳንዷ ትነጫነጫለች። ከሰልፉ ፊት የቆመችው የራሱ ሚኒባስ ናት።

"እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አላት።

"ሰው እየጠበቅኩ ነዋ! ዛሬ ደግሞ ሰው የሚባል ጠፍቷል። በል ጎንበስ በል፣ ልሳፈር።"

ወዲያው ከላይኛው መንገድ ሰዎች እየሮጡ ደረሱ። እያንዳንዱ ታክሲ አዝሏል። ነፍሰ ጡር ሳትቀር ባጃጅ አዝላለች። አንዱ ጎረምሳ ሁለት ታክሲ ጭኖ "ጠጋ ጠጋ በሉ!" ይላቸዋል፤ ታክሲዎቹም ትርፍ ጫነ ብለው ይሰድቡታል። ይርዳው ጎንበስ አለ፤ ሚኒባሷ ጀርባው ላይ ወጣች። የሚገርመው ከባድ አልነበረችም። ከባዱ እሱ ራሱ ነበር። ገና የባለሱቁን ደጅ ሳያልፍ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ።

"ወራጅ አለ!" አለች ሚኒባሷ።

"ኧረ ገና ፌርማታ አልደረስንም!"

"አንተ ላይ ተሳፍሬስ መቼ ልደርስ ነው? በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል።"

ዘላ ወረደችና በጎማዋ እየተንደረደረች ጥላው ሄደች። ይርዳው አፈረ። ስንት ዓመት የነዳት መኪና! ደክሞት መንገድ ዳር ያገኘው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

አቤት የተነሣው ጩኸት! "ተቀመጠ! ኧረ ሰውዬው ተቀመጠ!" አንዲት እናት የልጆቿን ዓይን በነጠላዋ ሸፈነች። ጎረምሶች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹት ጀመር። አንድ ትራፊክ ፖሊስ ገመድ እየዘለለ መጣና ፊሽካውን ነፋ።

"ምን ላይ ነው ያለኸው?"

"ድንጋይ ላይ።"

"እሱንማ አየሁ! በአደባባይ፣ በሕዝብ መሀል፣ ያውም በመቀመጫህ!"

"ታዲያ በምን ልቀመጥ ነበር?" አለ ይርዳው፣ ግራ ቢገባው።

ትራፊኩ ገመዱን እየዘለለ መጻፍ ጀመረ። ይርዳው ነገሩን ማብረድ ፈለገ። አጠገቡ አንዲት ጎበጥ ያሉ አሮጊት በቆሙበት ይዘላሉ፤ ላብ በላብ ሆነዋል። ይርዳው እንግዲህ ሆዳም ይሁን እንጂ ባለጌ አይደለም። ቶሎ ብሎ ተነሣ፣ ድንጋዩን በእጁ ጠረግ ጠረግ አደረገላቸውና፣ "እማማ፣ በሞቴ፣ አረፍ ይበሉ" አላቸው።

አሮጊቷ መዝለላቸውን ትተው ዓይናቸውን አፈጠጡበት።

"አንተ ስድ! አንተ አሳዳጊ የበደለህ! ምን አልከኝ?"

"አረፍ ይበሉ ነው ያልኩት፤ ቁጭ ቢሉ ብዬ..."

"ደገመው! ደገመው!" አለ ሕዝቡ። ልጆቿን የሸፈነችው እናት አሁን ደግሞ ጆሯቸውን ደፈነች። ለካ በዚያ አገር ከዚያ የባሰ ስድብ የለም። ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ እንኳ "ሂጂ ወደዚያ፣ ቁሚ!" ይባባላል እንጂ "ቁጭ በይ" የሚል ቃል ካፉ አይወጣም።

"መቀመጥ፣ በዚያ ላይ አረጋዊ መስደብ" አለ ትራፊኩ። "ወደ ፍርድ ቤት! በሩጫ!"

መንገዳቸው በበግ ተራ በኩል ነበር። ገዢዎቹ በጎች ናቸው። ሰዎቹ አንገታቸው ላይ ገመድ ተደርጎላቸው፣ እንደ ነገሩ እየተንቆራጠጡ ቆመዋል። አንድ ነጭ ሙክት ይርዳውን አስቆመውና ወገቡን ጨበጥ አደረገ፣ ቦርጩን ወደ ላይ መዘን መዘን አደረገ፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አየ። ይርዳው ራሱ በየበዓሉ ስንቱን በግ እንዲህ አድርጓል! ላት መጨበጥ ደስ ይለው ነበር። መጨበጥ ግን ለካ ለጨባጩ ብቻ ነው ደስ የሚለው።

"የሰባ ነው" አለ ትራፊኩ፣ ልክ እንደ ሻጭ።

"ስቡ ምን ያደርግልኛል?" አለ ሙክቱ። ጆሮውን ይርዳው ደረት ላይ ለጠፈና ጥቂት አዳመጠ። "እስቲ ልቡን ስማው። ይሄማ ለበዓል አይደርስም።"

"ለየትኛው በዓል?" አለ ይርዳው።

"ለሚመጣው ነዋ" ብሎት ሙክቱ አጠገቡ ወዳለ አንድ ከሲታ ሰውዬ ዞረ። "ይሄኛው ይሻላል። ይሄ ይቆያል።"

ይርዳውን ሆድ ባሰው። በግ ስለናቀው አይደለም። እልፍነሽ ትዝ ብላው ነው። ለሚመጣው በዓል ማን ሊያርድላት ነው? ማን ጋር ልትጨቃጨቅ ነው? እንዲህ እያሰበ ሳያውቀው እየሮጠ ፍርድ ቤት ደረሰ።

በር ላይ ወንበሮች በካቴና ታስረው በሰልፍ ቆመዋል። አንድ በርጩማ ያለቅሳል።

"እነዚህ ደግሞ ምን አድርገው ነው?"

"ግብረ አበሮች ናቸው" አለው ትራፊኩ።

ዳኛዋ ኤሊ ነበረች። በአራቱም እግሯ ስኒከር አድርጋ ችሎቱን ዙሪያውን ትሮጣለች። የምትናገረው አጠገብህ ስትደርስ ብቻ ነው፤ ከዚያ እስክትዞር መጠበቅ ነው።

"ለምን ተቀመጥክ?" አለችና አለፈች።

"ደክሞኝ ነው፣ ክብርት ዳኛ" አለ፣ ዞራ ስትመጣ።

"ለምን ደከመህ?"

"ተቀምጬ ስለኖርኩ መሰለኝ።"

"ታዲያ ለምን አትሮጥም?"

ይርዳው አቀረቀረ። "ሰው ምን ይለኛል ብዬ።"

ኤሊዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ገመድ የሚዘለው ትራፊክ ሳይቀር ገመዱን ያዘ።

"እኔ ስሮጥ ሰው ምን የሚለኝ ይመስልሃል?" አለችው።

"እ... ሳይስቁ አልቀሩም።"

"ሳቁ እንጂ! እየሳቁ አረጁ፣ እየሳቁም ሞቱ። እኔ ይኸው አለሁ።" ከዚያ ፍርዷን አሰማች። "ሩጫ ብፈርድብህ ሰበብ ፈልገህ ለነገ ታስተላልፈዋለህ። ስለዚህ የምቀጣህ በዚያው በይሉኝታህ ነው። እንግዳ ትቀበላለህ። ሂድ!"

ይርዳው ሊያምን አልቻለም። እንግዳ መቀበል ብቻ? ይሄም ቅጣት ሆነና! አንድ ክፍል ውስጥ አስገቡት፤ መሀሉ ላይ የራሱ የሚመስል ሶፋ አለ። በዚያ አገር መቀመጥ የተፈቀደበት ብቸኛው ቦታ ነው አሉት። "ተመስገን!" አለና ዘፍ አለበት። ገና ጀርባው ሳያርፍ በሩ ተከፈተና ጭራ የያዙ ሽማግሌ ገቡ። እንግዲህ ሽማግሌ ሲገባ ይቀመጣል? አይቀመጥም!

"ኖር!" ብሎ ብድግ አለ።

"በእግዜር! ኧረ አትነሣ ልጄ" አሉት፤ በሌላው በር ወጡ። ተቀመጠ። በሩ ተከፈተ። አንዲት እናት ገቡ።

"ኖር!"

"በእግዜር፣ ኧረ ተው፣ በማርያም!"

ተቀመጠ። በሩ ተከፈተ። የልጅነት አስተማሪው ገቡ፤ አለንጋቸውን ይዘዋል። ብድግ! ተቀመጠ። ሼህ ገቡ። ብድግ! ተቀመጠ። አማቱ ገቡ፤ ለእሳቸው ከሁሉም አስበልጦ ነው የተነሣው። ወጥተው ዞረው ደግመው ገቡ፣ ልጃቸውን በደንብ ይዞ እንደሆነ ሊያረጋግጡ መሰለኝ። ቀጥሎ ፍየል ገባች። ይርዳው አመነታ፤ ጢሟን አይቶ ግን "አይታወቅም" አለና ተነሣላት። በበሩ አጮልቆ ሲያይ የእንግዳው ሰልፍ ከደጁ ጀምሮ እስከ እንጦጦ ድረስ ይታያል።

መጀመሪያ ጉልበቱ ተንቋቋ። ቀጥሎ ትንፋሹ አስቸገረው፤ "ኖር" ማለት አቅቶት "ኖ..." ብቻ ይል ጀመር። እየቆየ ግን ነገሩ ተለወጠ። ላቡ በጀርባው ወረደ፣ ሰውነቱ ሞቀ፣ ልቡ ደረቱ ውስጥ ድው ድው ማለት ጀመረ። ፈርቶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ስንፍና የለቀቀው ልብ ነበር። ይርዳው ደስ አለው! ለእንግዶቹ እየተነሣ ያወራቸውም ጀመር። "እንዴት ከረሙ? ልጆች ደኅና?" ይላል፤ ትንፋሹም አይቆረጥም። ሐኪሟ ብታየው አቅፋ ትስመው ነበር።

በሩ እንደገና ተከፈተና አቶ መኩሪያ ገቡ። የስፌት ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ነው፤ መቀሳቸውን ይዘዋል።

"ኖር አባባ!" አለ ይርዳው።

"በእግዜር፣ የኔ ልጅ።"

አባቱ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አዩት። ሜትራቸውን አውልቀው ቦርጩን ዙሪያውን ለኩት፤ ሜትሩ አልበቃም። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይሄን ሱሪ የሰፋልህ ማነው? ሰውዬው ጨርቅ ይሸጣል እንዴ?"

ይርዳው እንባውም ሳቁም መጣ። "አባባ፣ አረፍ..." ብሎ ምላሱን ነከሰ።

"እኔማ አረፍኩ" አሉ አቶ መኩሪያ። "ብዙ ተቀመጥኩ፣ ልጄ። በል ደኅና ሁን፤ ለሰላምታ ያህል ነው።"

ብለው ወጡ። እንግዲህ አባት ዝም ተብሎ አይለቀቅም።

"እስከ በር ልሸኝዎት።"

"ግባ፣ ግባ።"

"እስከ አጥሩ ብቻ።"

"ኧረ ይበቃሃል!"

"እስከ ዋናው መንገድ፣ ከዚያ እመለሳለሁ።"

እንዲህ እየተባባሉ የእንጦጦን ዳገት ተያያዙት። አቶ መኩሪያ ሲራመዱ እንደ ጎረምሳ ነው፤ ይርዳው ከኋላ ከኋላ ሶምሶማ ይላል። አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ባሕር ዛፉ ይሸታል። መንገዱ ላይ ማንም የለም። እትዬ በለጡ የሉ፣ ባለሱቁ የለ፣ ቀርጾ የሚያሳይ ጎረምሳ የለ። ይርዳው እንደዚያ ቀሎት አያውቅም።

"አባባ፣ እዚህማ ጥሩ ነው! ሰው የለም። እዚህ ቢሆን በየቀኑ እሮጥ ነበር።"

አባቱ ቆሙ። "ሰው ለምን እንደሌለ ታውቃለህ?"

ይርዳው ወደ ፊት አየ። ከዚያ ወዲያ ጉም ነው። ወፍ እንኳ አይሰማም። ያን ሰዓት ገባውና ላቡ ቀዘቀዘበት።

"ከዚህ ወዲያ ሸኝቶ የተመለሰ የለም" አሉት አቶ መኩሪያ። "ዙር። አሁን የምሸኝህ እኔ ነኝ።"

"ኧረ አባባ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው፣ እኔን እንዴት ይሸኙኛል? ነውር ነው።"

"ዙር አልኩህ!"

መቀሱን ከፈት ዘጋ እያደረጉ አባረሩት። ይርዳው ቁልቁለቱን ተፈተለከ። አባቱ ከኋላው ናቸው። ጉሙ ወደ ኋላ ቀረ፣ ባሕር ዛፉ አለቀ፣ የሰፈሩ ቆርቆሮ ጣራ ከሩቅ ብልጭ አለ።

"አባባ፣ ሰፈር ደረስን! ሰው ያየኛል!"

"ይይህ! የሚያይህ ሰው እያለ ሩጥ!"

ይርዳው ሮጠ። ከኋላው የአባቱ ኮቴ ይሰማዋል። ቀጥሎ ኮቴው ሁለት ሆነ፣ በዛ፣ መንገዱን ሞላው። "አባባ፣ ማንን ነው ያስከተሉት?" ብሎ ዘወር አለ።

ነቃ።

አስፋልት ላይ ነው። በባዶ እግሩ፣ ጋቢውን እንደተከናነበ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰፈሩ መሀል እየሮጠ ነው። ከኋላው ሰፈሩ በሙሉ ይሮጣል። እልፍነሽ በአንድ እግሯ ጫማ ናት። ባለሱቁ ሱቁን ክፍት ጥሎ መጥቷል። የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ ጥሩንባውን ታጥቋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀዋል። በዚህ ሰፈር ትልቅ ሰው እንዲህ የሚሮጠው ሰው ሲሞት ነው፤ ወዴት ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ያየ ሁሉ እየተነሣ ተከትሏል።

እትዬ በለጡ እያለከለኩ ከጎኑ ደረሱ። ደረታቸውን ይደቃሉ፤ እንባቸውም መጥቷል።

"ይርዳው! ኧረ ይርዳው! ንገረን እንጂ! ማን ሞቶ ነው?"

ይርዳው ያን የሚያህል ሕዝብ ሲያይ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። እግሩ ግን አልቆመም።

"ማንም አልሞተም፣ እትዬ!" አላቸው። "እኔ አልሞትም ብዬ ነው!"